አያት ያውቃሉ፣ ልጆች ይሰለቻሉ፦ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ከጎጃም መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች መንፈቅ ሆናት። ልጄ ከትምህርት ቤት «ከቤተሰባችሁ የባህል ጨዋታ ጠይቃችሁ ጻፉ፣ በክፍልም አሳዩ» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጥታለች፤ የተሰጣት ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። እናቴ ደስ ብሏት ልታወራላቸው ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ስልኩ ይመለሳሉ። እሷም ይከፋታል። ቅልብልቦሽ ላስጀምራቸው ብሞክር ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኳኳታውን አልቻልነውም አሉ። ግቢያችን ደግሞ ሲሚንቶና የመኪና ማቆሚያ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

በቤትዎ የጎደለ ነገር የለም፤ የተዛነፈው ቅደም ተከተሉ ነው። ጨዋታው መጀመሪያ ይነገር፣ ቀጥሎ ይታይ፣ በመጨረሻ ይሞከር ብለው ጀመሩ። ልጆች ግን ጨዋታን የሚለምዱት በተገላቢጦሽ ነው። ከትልልቆቹ አጠገብ ቆመው ያያሉ፣ ተራ ይለምናሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ይከራከራሉ። ወሬው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ እጅ ከሠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት እናትዎን «ንገሪያቸው» አይበሏቸው። አምስት ጠጠር ያቀብሏቸውና ልጆቹን ሳይጠሩ ከእርስዎ ጋር ይጫወቱ። እርስዎ እየተቃጠሉ እሳቸው ሲያሸንፉ ልጆቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ሲመጡም ወዲያው አያስገቧቸው፤ አንድ ዙር ይጠብቁ። ተራ የተጠበቀበት ጨዋታ በግድ ከተሰጠ ጨዋታ ይልቅ ይጣፍጣል።

ቅልብልቦሹን አይተዉት። ኳኳታው የመጣው ጠጠሩ በባዶ ወለል ላይ ስለወደቀ ነው፤ ድምፁ በወለሉ በኩል በቀጥታ ወደ ታች ቤት ይወርዳል። ጨዋታውን ከወለል ያንሱት። ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ጋቢ ወይም ስስ ብርድ ልብስ ሁለት እጥፍ አድርገው ወጥረው ያንጥፉ። ከዚያ በላይ ከወፈረ ጠጠሩ ይሰምጥና ጣት ሥሩ መግባት ያቅተዋል፤ ከተጨማደደም ጠጠሮቹ እጥፋቱ ውስጥ እየገቡ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ጠረጴዛው የእናትዎንም ጉልበት ያሳርፋል። አረጋውያን «አሁንማ አልችልም» የሚሉት ብዙ ጊዜ እጃቸው ረስቶ ሳይሆን መሬት ቁጭ ብሎ መነሳቱ ስለሚከብዳቸው ነው።

የጠጠሩ ምርጫ ጨዋታውን ያቀናል ወይም ያበላሻል። አምስቱም እኩል ይሁኑ፤ የልጅቷን አውራ ጣት ጫፍ ቢያህሉ ይበቃል። ከዚያ ከበለጡ «አራት» ላይ ስትደርስ እፍኟ አይችላቸውም። ሙልጭ ያለ የወንዝ ጠጠር ይንከባለላል፣ አዲስ የተፈነከተ ደግሞ ጣት ይቆርጣል፤ ጥሩው ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈ፣ ባስቀመጡት ቦታ የሚረጋ ነው። የእናትዎ ዓይን ደከም ካለ በነጭ ጋቢ ላይ ጥቁር ጠጠር ያድርጉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ወይም ከጎረቤት ከመጣ ግን ጠጠሩም፣ በኋላ ለገበጣ የሚያስፈልገው ሽምብራም ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በጉሮሮ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

አካሄዱ ይህ ነው። አምስቱን ጠጠር በስንዝር ስፋት ትበትናለች። አንዱን ትመርጥና ወደ ላይ ትወረውራለች፤ እሱ ሳይወርድ በዚያው እጇ ከታች አንድ አንስታ የወረደውን ትቀልባለች። «አንድ አንድ» አራት ውርወራ ነው። «ሁለት ሁለት» ሁለት ውርወራ፣ «ሦስትና አንድ» ሁለት፣ «አራት» አንድ። ሳትሳሳት ለመጨረስ ዘጠኝ ጊዜ መወርወር አለባት ማለት ነው። በስተመጨረሻ አምስቱንም ከመዳፏ ወደ ላይ አጉና በእጇ ጀርባ ትቀበላለች፣ ከእጇ ጀርባ እንደገና አጉና በመዳፏ ትይዛለች፤ የቀሩላት ጠጠሮች ነጥቧ ናቸው። ልታነሳው ያላሰበችውን ጠጠር ከነካች ወይም የተወረወረው ከወደቀ ተቃጠለች፤ ተራው ያልፋል።

ጀማሪ ልጅ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዓይን ነው። ጠጠሩን ወርውራ ከታች ያለውን ትፈልጋለች፤ ቀና ስትል የላዩ አልፏታል። ሳትወረውር በፊት የምታነሳውን ለይታ በዓይኗ ትያዝ፤ ከወረወረች በኋላ ግን ዓይኗ ከላዩ ጠጠር አይነሳ፣ እጇ ብቻ ይውረድ። ሁለተኛው ክንድ ነው። ከትከሻ የተወረወረ ጠጠር ወደ ፊት ይሸሻል። ክርኗን ከጎኗ አስጠግታ በእጇ አንጓ ብቻ ወደ ላይ ብታጎነው ጠጠሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከፍታውም እስከ ዓይኗ ከሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከወጣ ሲወርድ ይፈጥናል፣ መዳፍም ላይ ይነጥራል። «ሦስትና አንድ» ላይ ስትደርስ አበታተኗን ታስብበት፤ ለ«አንድ አንድ» የሚመቸው የተራራቀ ነው፣ ለዚህኛው ግን ተሰብስቦ የወደቀ ይሻላል። ይህንን እናትዎ በቃል ላያስረዱ ይችላሉ፤ እጃቸውን ስታይ ግን ልጅቷ ትይዘዋለች።

የስድስት ዓመቱ ልጅ ይህን ሁሉ ቶሎ አይችልም፤ ስላልቻለም አኩርፎ ይነሳል። ለእሱ ከታች ማንሳቱ ይቅር። አንድ ጠጠር ወርውሮ፣ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ይቅለብ። ሲለምድ ሁለት ጊዜ ያጨብጭብ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ይቅለብ። ይህ ጠረጴዛ መንካት ራሱ ነው በኋላ «ማንሳት» የሚሆነው። እናትዎም እየተሸነፉለት አያሳድጉት፤ ልጅ የተተወለትን ድል ያውቀዋል። ይልቅ እሳቸው በግራ እጃቸው ይጫወቱ። እሱም ያያል፣ ውድድሩም እውነተኛ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ሳምንት የገበጣ ይሁን። ይህ ከሁሉም በላይ ለኮንዶሚኒየም የሚስማማ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ጉልበት አይጠይቅም፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅና አያት ደግሞ በእኩል የሚፋጠጡበት ነው። ከእንጨት የተጠረበ ገበጣ ከሌለዎት የ30 ዕንቁላል መያዣ ካርቶን ይፈልጉ። አምስት በስድስት ስለሆነ ሁለት ረድፍ ሲቆርጡለት 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ይወጣዋል፣ ሦስት ረድፍ ሲቆርጡለት 18 ጉድጓድ ያለው። በአገራችን የባህል ስፖርት ውድድሮች የሚካሄዱትም እነዚሁ ሁለቱ፣ ባለ 12 እና ባለ 18 ናቸው። ዕንቁላል የፈሰሰበትን ካርቶን ግን አይጠቀሙ። ለመጫወቻ ባቄላ ትልቅ ስለሆነ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፤ ሽምብራ ይሻላል። በባለ 12ቱ ይጀምሩ፤ 48 ቆጥረው በየጉድጓዱ አራት አራት ያድርጉ።

የገበጣ ሕግ እንደ አገሩ ይለያያል፤ እናትዎ የሚያውቁት ሌላ ከሆነ የእሳቸውን ይያዙ፣ የእኛን ይተዉት። እሳቸውም ከረሱት በዚህ ይጀምሩ። እያንዳንዱ ተጫዋች በፊቱ ያለው ረድፍ የእሱ ነው። ተራው የደረሰ ከራሱ ጉድጓዶች የአንዱን ፍሬ በሙሉ ያነሳና በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ ያድላል፤ በራሱ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ጫፍ ሲደርስ ዞሮ በተጋጣሚው ረድፍ ይመለሳል። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ባለበት ጉድጓድ ከወደቀች እዚያ ያለውን በሙሉ አንስቶ ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ይቆማል። ያቺ ባዶ ጉድጓድ የራሱ ከሆነች ከትይዩዋ ያለውን የተጋጣሚውን ፍሬ ከራሱ ከመጨረሻዋ ፍሬ ጋር ይበላል፤ የተጋጣሚው ከሆነች ምንም ሳይበላ ተራው ያልፋል። ተራው የደረሰው ሰው ረድፉ ላይ ፍሬ ካጣ ጨዋታው አበቃ፤ የቀረውን ባለ ፍሬው ይወስዳል። ከ24 በላይ የሰበሰበ አሸነፈ።

ልጆች አስተዳደላቸው ትክክል መሆኑን በዚህ ይፈትሹ። የመጀመሪያው ተጫዋች ከግራ ጫፍ ባለችው ጉድጓድ ቢጀምር አምስት ጊዜ ያነሳል፦ 4፣ 5፣ 5፣ 6 እና 6 ፍሬ። የመጨረሻዋ ፍሬ በራሱ ረድፍ ከግራ ሦስተኛዋ ጉድጓድ ላይ ታርፋለች፤ ጉድጓዷ በዚያን ጊዜ ባዶ ናት፣ በትይዩዋም ያለችው አንዲት ፍሬ ብቻ ናት። ያ ሁሉ ዙረት ሁለት ፍሬ ብቻ አስገኘ ማለት ነው፤ ልጅቷ ሌላ ጉድጓድ የተሻለ እንደሆነ መፈለግ የምትጀምረው ይህን ስታይ ነው። የልጅቷ ዙር ሌላ ቦታ ካበቃ አንዱ ጉድጓድ ላይ ሁለት ጥላለች ወይም አንዱን ዘልላለች። ይህ ስህተት የሚመጣው ሽምብራውን በጣት ጫፍ አንድ አንድ እያሉ ከማንሳት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በመዳፏ ይዛ በአውራ ጣቷ እየገፋች ትጣል። ለስድስት ዓመቱ ልጅ ማንሳትና መቀጠሉን ይተዉለት፤ አንድ ጊዜ አድሎ ባዶ ላይ ካረፈ ይብላ፣ ካላረፈ ተራው ይለፍ። ሁለት ሁለት ፍሬ ብቻ በማድረግም ሊጀምር ይችላል።

ማታ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ልጆቹ ሲተኙ፣ እንቆቅልሽ ቦታው ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌሎቹ «ምን አውቅልህ»። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» መልሱ ወንዝ ነው። ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ «ደብረ ማርቆስን ሰጠሁህ» ካለ ጠያቂው ደብረ ማርቆስ ገብቶ የበላውን የጠጣውን ደርድሮ መልሱን ይናገራል። አገር የመስጠቱን ነገር እንዳያስቀሩት፤ ልጆች የሚወዱት ከጥያቄው ይልቅ እሱን ነው። ታናሹ ሁልጊዜ «አዲስ አበባ» እያለ እንዳይቀጥል አንዴ የተሰጠ አገር በዚያ ሌሊት አይደገምም የሚል ሕግ ያውጡ።

ወደ ግቢ ስትወርዱ ሁለት ልጆች አይበቁም። ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት አምስት የጎረቤት ልጆችን ጨምሩ፤ «መሃረቤን ያያችሁ» ከስድስት ልጅ ካነሰ ክቡ ስለሚጠብ ሩጫው ወዲያው ያልቃል። ለአኩኩሉ ድንበሩ ከመጀመሩ በፊት በእግር ተዙሮ ይታይ፤ መኪና ሥር፣ ውኃ ታንከር አጠገብና ደረጃው ላይ መደበቅ ክልክል ይሁን። የቆመ መኪና መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም።

ሰኞ ማክሰኞ ግን ሲሚንቶ ይወዳል። በጠመኔ ወይም በከሰል ይሳሉት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የቤቱ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር፣ ለስድስት ዓመቱ 30 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከጠበበ በአንድ እግር ዞራ ለመመለስ መስመር ሳትረግጥ አይሆንላትም፤ ከሰፋ ደግሞ ዝላዩ አይደርስም። የሚወረወረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሸክላ ገል ነው፤ ገሉ ስለት ካለው ጠርዙን ሲሚንቶው ላይ አሹት። ቆርኪ ሲሚንቶ ላይ ይነጥራል፣ ስለዚህ ለዚህ አይሆንም። ካልሲ ወይም ሸርተት የሚል ነጠላ ጫማ አድርጎ መዝለል እግር ያዞራል። ዙሩን ጨርሶ ጀርባውን ሰጥቶ በመወርወር ቤት የሚገዛበት ጨዋታ ከሆነ፣ ሁለት የተያያዙ ቤቶች ከተገዙ ታናሹ መዝለል ስለማይችል በጎን መተላለፊያ ይሳሉለት። ትንሽ ልጅን በልዩ ሕግ ማጫወት የቆየ የልጆች ልማድ ነው፤ ትልልቆቹ ራሳቸው እንዲወስኑት ይተዉላቸው።

አሁን የቤት ሥራው። ልጅቷ መጻፍ ያለባት ከተጫወተች በኋላ ነው፤ ያኔ የምትጠይቀው ታውቃለች። «ልጅ ሆነሽ ምን ትጫወቺ ነበር?» የሚል ጥያቄ ረጅም ትዝታ ያመጣል፤ የጨዋታውን ሕግ ግን አያወጣም። ጨዋታው እየተካሄደ፣ ጠጠሩ በእጃቸው እያለ እነዚህን ትጠይቅ፦ ማን ነው የሚጀምረው፣ በምን ይወሰናል? ምን ሲደረግ ነው የሚቃጠሉት? የተሸነፈ ምን ይደረግ ነበር? በየትኛው ወር ነበር የሚዘወተረው? ወንዶችና ሴቶች አብረው ይጫወቱ ነበር? ጠጠሩ ወይም ቤቱ ሌላ ስም ነበረው? በጨዋታው መሃል የሚባል ቃል ወይም ዜማ አለ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። ቃሉን ልጅቷ ባትረዳውም እንደተባለ ትጻፈው፤ ወደ መጽሐፍ አማርኛ አታስተካክለው። ስልኩ እዚህ ላይ ይሥራ፦ ድምፅ ይቅዳ፣ የእናትዎን እጅ ከላይ ሆኖ ፊልም ያንሳ። ከስልክ ጋር ጨዋታን ማፎካከር፣ ስልክ ነጥቆ ጠጠር መስጠት፣ ጠጠሩን ቅጣት ያደርገዋልና እባክዎ እሱን ይተዉት።

በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ተናጋሪዋ ያደጉበትን ወረዳና የሚናገሩበትን ዘመን ትጥቀስ፤ ያለዚያ ሕጉ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አባትየው ወይም ጎረቤት «የለም፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው» ካለ ሁለቱንም ትጻፍ እንጂ አንዱን ስህተት አታድርገው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ የመዘገቧቸው የገበጣ ዓይነቶች ከመቶ ይበልጣሉ፤ እነሱም የተገኙት በየአካባቢው ያለው ሕግ እንዳለ ስለተመዘገበ ነው። ልጅዎ ከእናትዎ የምትጽፈው አንድ ገጽ ከዚህ ሥራ ዓይነት ነው፤ ይህን ንገሯት፣ ደስ ይላታል።

እናትዎ ስለ ገና ካነሱ ልጁ ወዲያው ዱላ ይፈልጋል። የገና ጨዋታ ግን ወር አለው፤ ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ፣ ሰፊ ሜዳ ተገኝቶ ነው የሚያምርበት። ለልጆች የእንጨቱን ሩር (በዱላ የሚመታውን ኳስ) በጨርቅ ይለውጡት። አንድ ትንሽ ፌስታል ጨምድደው በአምስት ስድስት አሮጌ ካልሲ ላይ በላይ ይጠቅልሉ፣ በሲባጎ ያጥብቁ፣ የመጨረሻውን ካልሲ አልብሰው አፉን ይስፉት፤ ብርቱካን ካከለ ይበቃል። ፌስታሉ ከበዛ ይነጥራል እንጂ አይንከባለልም፤ ሲባጎው ከላላ ደግሞ ሁለተኛው ቀን ላይ ሞላላ ይሆናል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ቁመቱ እስከ ልጁ ዳሌ የሆነ ይሁን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢባልም ለልጆች አንድ ጥብቅ ሕግ አይቅርባቸው፤ ዱላ ከጉልበት በላይ የተነሳበት ተራውን ያጣል።

በሦስተኛው ሳምንት የክፍሉ ቀን ሲመጣ ልጅዎ አንድ ጨዋታ ብቻ ይዛ ትሂድ፤ ሦስት ጨዋታ ላሳይ ካለች አንዱም ሳይገባቸው ሰዓቱ ያልቃል። ቅልብልቦሽ ከሆነ ቆማ ከማስረዳት ሁለት ልጆችን ጠርታ ታጫውታቸው፤ ሕጉን የምትናገረው ሲሳሳቱ ብቻ ይሁን። ከኋላ የተቀመጡት ጠረጴዛ ላይ ያለ ጠጠር ስለማይታያቸው መምህሯ ከፈቀዱ መሃል ላይ መሬት ቁጭ ብለው ሌሎቹ ዙሪያውን ይቁሙ። ጠጠሩን ደግሞ አምስት ሳይሆን አሥራ አምስት አድርጋ ትያዝ፤ አምስቱ ማሳያ ናቸው፣ ሌሎቹን በእረፍት ሰዓት ይጠይቋታል።